«ጥቁሩ ነገር» ሲደበዝዝ፦ ስለ ፓርኪንሰን በሽታ ማወቅ የሚገባን

በዚህ ዓምድ አዘውትረን የምንነጋገረው ስለ ወባ፣ ስለ ተቅማጥ፣ ስለ ክትባትና ስለ እናቶች ጤና ነው። የዛሬው ትምህርት ግን ብዙም ስለማይነገርለት፣ ሆኖም በየሰፈራችን ስላለ አንድ ሕመም ነው። ሕመሙ ፓርኪንሰን ይባላል። የሚያንቀጠቅጠው እጅን፣ የሚያደርቀው ሰውነትን ቢሆንም ዋናው ችግር ያለው በአንጎል ውስጥ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ጥቁር ስፍራ ነው። ካምፓላም ሆናችሁ ናኪቫሌ፣ ይህን ትምህርት ስታነቡ በዓይነ ኅሊናችሁ የሚመጣ ሰው ይኖር ይሆናል። እስከ መጨረሻው አንብቡት።

በመጀመሪያ ስሕተቴን ልንገራችሁ

በናሙዎንጎ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። ዕድሜያቸው ስድሳን አልፏል። ታሪካቸውን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን አልጠቅስም። ቤት ለቤት ስንዞር መጀመሪያ ያገኘኋቸው ጊዜ ፊታቸው አይፈታም፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል፣ ሲጠየቁም ቶሎ አይመልሱም።

«እማማ፣ ምን ሆኑብኝ?» አልኳቸው።

«ምንም አልሆንኩም ልጄ። ሰውነቴ አልታዘዝ አለኝ እንጂ» አሉኝ።

እኔም በመዝገቤ ላይ «የስደት ጭንቀት» ብዬ ጻፍኩና የምክር አገልግሎት እንዲያገኙ ላክኋቸው። ግራ እጃቸው ጭናቸው ላይ ሆኖ አውራ ጣታቸው ከሌባ ጣታቸው ጋር ሲተሻሽ አይቻለሁ። መቁጠሪያ እየቆጠሩ የሚጸልዩ መስሎኝ ዝም አልኩ። በእጃቸው ግን መቁጠሪያ አልነበረም።

ጎረቤቶቻቸውም የየራሳቸውን ይሉ ነበር። እማማ ቡና ሲቆሉ ማረሩ አይሸታቸውም ነበርና «ልባቸው እዚህ የለም» ተባለ። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ የታየ ጊዜ ደግሞ «ልክፍት ነው» ያሉ ነበሩ። «ይተላለፋል» ብለው ልጆቻቸውን ያራቁም አልጠፉም።

ከጥቂት ወራት በኋላ እማማን አስመለሳቸው። ልጃቸው ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰዳቸው፤ ማስመለሱን የሚያቆም መርፌ ተወግተው የአምስት ቀን ክኒን ተሰጣቸው። በሦስተኛው ቀን ሰውነታቸው እንደ እንጨት ደርቆ ከፍራሻቸው መነሣት አቃታቸው። ልጁ እየሮጠ ጠራኝ። ሪፈር ተጽፎላቸው ሐኪም ዘንድ ስንደርስ ሐኪሙ የሚወስዱትን ክኒን አየ፣ ጣታቸውን አስከፍቶ አስጨበጣቸው፣ ክንዳቸውን አጠፈው ዘረጋው፣ ጥቂት እርምጃም አስኬዳቸው። ከዚያ በኋላ «ፓርኪንሰን ነው፤ ክኒኑ ደግሞ አባብሶታል» አለን።

እኔ የነርስ ሰርተፊኬት አለኝ። ምልክቶቹ ሁሉ ፊቴ ነበሩ፤ አላወቅኋቸውም። እናንተ እንድታውቋቸው ነው ይህን የምጽፈው።

«ጥቁሩ ነገር» ምንድን ነው?

አንጎላችንን ከሕብለ ሰረሰራችን ጋር የሚያገናኝ ግንድ አለ። የዚህ ግንድ የላይኛው ክፍል መካከለኛ አንጎል ይባላል። በዚያ ክፍል በግራና በቀኝ በዓይን የሚታዩ ሁለት ጥቁር መስመሮች አሉ። ሐኪሞች በላቲን ቋንቋ «ሰብስታንሺያ ናይግራ» ይሏቸዋል፤ ትርጉሙ «ጥቁር ነገር» ማለት ነው።

በዚያ ያሉት ሕዋሶች ዶፓሚን የተባለ መልእክት አድራሽ ንጥረ ነገር ይሠራሉ። ነገሩን በጋሪ ፈረስ ልንመስለው እንችላለን። አንጎላችን እንቅስቃሴያችንን እንደ ልጓም ይዞ ይቆጣጠራል። ዶፓሚን ልጓሙን በልኩ የሚያላላ እጅ ነው። ዶፓሚን ሲያንስ ልጓሙ እንደ ተወጠረ ይቀራል። ሰውየው ለመነሣት ይፈልጋል፣ ጡንቻውም አልደከመም፤ ነገር ግን ሰውነቱ «ሂድ» የሚለው ትእዛዝ በወጉ አይደርሰውም። እማማ «አልታዘዝ አለኝ» ያሉት ትክክለኛ ቃል ነበር።

ጥቁሩ ቀለም ከየት መጣ?

ቀለሙ ኒውሮሜላኒን ይባላል። ስንወለድ አይታይም፤ በልጅነታችን መታየት ይጀምርና ከዕድሜያችን ጋር እየጨመረ ይሄዳል። ጀበና ለዓመታት ሲፈላበት ውስጡ እየጠቆረ እንደሚሄድ አስቡት። ሕዋሶቹም ዶፓሚን ሲሠሩ ከሚተርፈው ነገር ይህ ቀለም በውስጣቸው ይጠራቀማል። ቀለሙ ብረትንና ሌሎች ማዕድናትን አጥብቆ ስለሚይዝ ሕዋሱን ከጉዳት እንደሚጠብቅ ይታመናል። ሕዋሱ ሲሞት ግን ቀለሙ ወደ ውጭ ይፈስና በአካባቢው መቆጣትን ያስከትላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተካክል። ይህ ቀለም ከቆዳችን ቀለም ጋር አንድ አይደለም፤ የሚሠራበትም መንገድ የተለየ ነው። ጥቁሩም ነጩም ሕዝብ ይህ ጥቁር ስፍራ አለው። ቆዳቸው ያለ ቀለም የተወለዱ፣ አልቢኖ የምንላቸው ወገኖቻችንም አላቸው። ስለዚህ «ፓርኪንሰን የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚለው አባባል መሠረት የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው እ.ኤ.አ. በ2019 በመላው ዓለም ከ8.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር።

ሲደበዝዝ ምን ይሆናል?

በፓርኪንሰን ሕመም እነዚህ ሕዋሶች ቀስ በቀስ ይሞታሉ። ቀለሙን የተሸከሙት እነሱ ስለሆኑ ጥቁሩ ስፍራ ይደበዝዛል። የቀለሙ መጥፋት የሕዋሶቹ መሞት ምልክት ነው እንጂ በራሱ የበሽታው መንስኤ አይደለም። ሕዋሶቹ ለምን እንደሚሞቱ ለአብዛኛው ሰው አንድ ምክንያት ብቻ የለውም። ዕድሜ ዋናው ነው፤ የዘር ውርስና አንዳንድ የተባይ ማጥፊያ መድኃኒቶችም አስተዋጽኦ አላቸው።

ልብ በሉ፤ መንቀጥቀጡ በግልጽ በሚታይበት ጊዜ ከሕዋሶቹ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ጠፍተዋል። ሕመሙ የሚጀምረው ሳናየው ከብዙ ዓመት በፊት ነው ማለት ነው።

ይህ ዕውቀት በአንድ ቀን አልተገኘም። ጄምስ ፓርኪንሰን የተባለው የለንደን ሐኪም ሕመሙን በጽሑፍ የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1817 ነው። የገለጻቸው ሰዎች ስድስት ሲሆኑ ከእነሱ አንዳንዶቹን ያያቸው መንገድ ላይ ነበር። ኮንስታንቲን ትሬትያኮፍ እ.ኤ.አ. በ1919 በፓሪስ የሟቾችን አንጎል መርምሮ ጥቁሩ ስፍራ መጎዳቱን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1960 ደግሞ በቪየና ኦሌህ ሆርኒኪየቪች በሕሙማኑ አንጎል ውስጥ ዶፓሚን በእጅጉ ማነሱን ከሥራ ባልደረባው ጋር አረጋገጠ። በዚያ ላይ ተመሥርቶ ዛሬ የምንጠቀምበት መድኃኒት ተገኘ። ፓርኪንሰን ያለ አንዳች መሣሪያ፣ በዓይኑ አይቶ እንደጀመረ አትርሱ። በጎ ፈቃደኞችም በዓይናችሁ ብዙ መሥራት ትችላላችሁ።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው?

ዋና ዋናዎቹ የእንቅስቃሴ ምልክቶች አራት ናቸው።

1. መዘግየት። ልብስ መቆለፍ፣ እንጀራ መቁረስ፣ ከመቀመጫ መነሣት ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ሲራመዱ አንዱ እጅ አይወዛወዝም።
2. መንቀጥቀጥ። በአብዛኛው በአንድ ወገን ይጀምራል፤ እጁ ሥራ ፈትቶ ባረፈበት ጊዜ ይብሳል። መቁጠሪያ መቁጠር ይመስላል። ምንም የማይንቀጠቀጡ ሕሙማንም አሉ።
3. መድረቅ። ክንዳቸውን ይዘን ስናጥፈውና ስንዘረጋው ይከብዳል። ሰዎቹም «ትከሻዬን ያመኛል» ይሉ ይሆናል።
4. ሚዛን መሳት። ይህ ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ ይመጣል። ወደፊት ጎንበስ ብለው በአጫጭር እርምጃ ይጣደፋሉ፣ ይወድቃሉ።

ከእነዚህ በፊት ለዓመታት ሊታዩ የሚችሉ ሌሎች ምልክቶችም አሉ፦ ሽታ አለመለየት፣ የሆድ ድርቀት፣ የስሜት መደብዘዝ፣ እንዲሁም በሕልም እየጮኹ እጅና እግርን መወራጨት። በእኛ ዘንድ የሌሊት ጩኸት ሁሉ «ያየው መከራ ነው» ይባላል። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ነገር ግን አዛውንቱ በሕልማቸው የሚማቱ፣ ቀን ደግሞ የዘገዩ ከሆነ ሌላም ነገር መጠርጠር አለብን።

በጎ ፈቃደኞች ቤት ስትገቡ ሦስት ነገር ማድረግ ትችላላችሁ። አንደኛ፣ አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን በሰፊው እየከፈቱ አሥር ጊዜ ቶሎ ቶሎ እንዲያገናኙ ጠይቋቸው፤ እየጠበበና እየዘገየ ከሄደ መዝግቡ። ሁለተኛ፣ መጻፍ የሚችሉ ከሆነ የልጆቻቸውን ስም በተከታታይ ያስጽፏቸው፤ ፊደሉ እያነሰ ይሄዳልን? ሦስተኛ፣ ወደ በሩና ወደ ኋላ ሲራመዱና ሲዞሩ እዩ። በሽታውን የሚወስነው ሐኪም ነው፤ የእናንተ ሥራ አይቶ መላክ ነው።

ከሌላ ሕመም እንዴት እንለየዋለን?

• እጁ የሚንቀጠቀጠው ስኒ ሲያነሳ ወይም ሲጽፍ ከሆነና ሲያርፍ የሚተወው ከሆነ ብዙ ጊዜ ሌላ ዓይነት መንቀጥቀጥ ነው፤ በቤተሰብም ይወረሳል።
• ከመንቀጥቀጥ ጋር ክብደት መቀነስ፣ ላብና የልብ መምታት ካለ የእንቅርት ዕጢ ምርመራ ያስፈልጋል።
• በድንገት አንድ ወገን ከዛለ፣ አፍ ከተጣመመ፣ ንግግር ከጠፋ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። ይህ ለነገ የማይባል ነው፤ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ውሰዱ።

መድኃኒት የሚያመጣው መድረቅና መንቀጥቀጥ

ይህ ክፍል ለሁላችንም እጅግ አስፈላጊ ነው። ጥቁሩ ስፍራ ጤነኛ ሆኖ ዶፓሚን እየሠራ፣ አንዳንድ መድኃኒቶች ግን ዶፓሚን የሚገባበትን በር ይዘጋሉ። ቁልፉ አለ፣ የቁልፉ ቀዳዳ ግን ተደፍኗል እንደማለት ነው። ሰውየው ፓርኪንሰን የያዘው ይመስላል። ከእነዚህ መድኃኒቶች ውስጥ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ሃሎፔሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚንና በየወሩ ገደማ በመርፌ የሚሰጠው ፍሉፌናዚን፣ ለማስመለስ ደግሞ ብዙዎቻችን «ፕላሲል» በሚል ስም የምናውቀው ሜቶክሎፕራሚድ ይገኙበታል።

ሦስት ነገር ያዙ፦

አንደኛ፣ ለአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቢደርቅ ወይም ቢንቀጠቀጥ መድኃኒቱን በራሱ አያቁም፤ ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል። ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል ወይም ይለውጠዋል። በመድኃኒት የመጣው መድረቅ በብዛት በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ በተለይ ወጣቶች እነዚህን መድኃኒቶች በጀመሩ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ አንገታቸው ሊጣመም፣ ዓይናቸው ወደ ላይ ሊሰቀል፣ መንጋጋቸው ሊቆለፍ ይችላል። ይህ ጋኔን አይደለም። በጤና ጣቢያ በመርፌ ቶሎ ይፈታል። የተወሰደውን መድኃኒት ዕቃ ይዛችሁ ሩጡ።

ሦስተኛ፣ ፓርኪንሰን ያለበት ሰው እነዚህን መድኃኒቶች ቢወስድ ክፉኛ ሊብስበት ይችላል። እማማን ያጋጠማቸው ይኸው ነው። ስለዚህ በየትኛውም ክሊኒክ መርፌ ከመወጋታችሁ በፊት «ፓርኪንሰን አለብኝ» በሉ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ትንሽ ወረቀት ከስደተኛ መታወቂያችሁ ጋር ብትይዙ ቋንቋ ለማትችሉ ትልቅ እርዳታ ነው።

ሕክምናው

የሞቱትን ሕዋሶች የሚመልስ መድኃኒት እስካሁን የለም። የጎደለውን ዶፓሚን የሚተካ ግን አለ። ሌቮዶፓ ይባላል፤ ከካርቢዶፓ ጋር በአንድ ክኒን ይሰጣል። አንጎል ውስጥ ገብቶ ወደ ዶፓሚን ይለወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ ብሎ በዘረዘራቸው መድኃኒቶች ውስጥም ይገኛል።

• ሰዓቱን ጠብቃችሁ ውሰዱ። በድንገት ማቆም አደገኛ ነው፤ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ብርቱ መድረቅና መቀባዠር ሊያስከትል ይችላል። ክኒኑ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ለበጎ ፈቃደኛችሁ ንገሩ።
• ሥጋ፣ እንቁላል፣ ሽሮና ባቄላ የክኒኑን ሥራ ሊያደናቅፉ ይችላሉ። ከምግብ በፊት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መውሰድ ይመረጣል። መጀመሪያ አካባቢ የሚያቅለሸልሻቸው ግን በትንሽ ዳቦ ሊወስዱት ይችላሉ።
• ሌቮዶፓ በባቄላ ውስጥ ይገኛል። ማርከስ ጉገንሃይም የተባለ ኬሚስት ከባቄላ ለይቶ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1913 ነው። ይሁን እንጂ በአንድ ጭብጥ እሸት ውስጥ ምን ያህል እንዳለ መመጠን ስለማይቻል ባቄላ ክኒንን አይተካም።
• አርቴን የሚባለውን ክኒን አዛውንቶች ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይውሰዱ፤ አእምሮን ሊያደናግርና ሽንት ሊከለክል ይችላል።
• ከዓመታት በኋላ ክኒኑ ቶሎ ቶሎ የሚያልቅ ይመስላል፤ ያልተፈለገ መወዛወዝም ሊመጣ ይችላል። ያን ጊዜ መጠኑን ሐኪም ያስተካክለዋል።

በናሙዎንጎ ለምትኖሩ መነሻችሁ የኪሱጉ ጤና ጣቢያ ነው፤ ከዚያ ወደ ሙላጎ ሆስፒታል ሪፈር ሊጻፍላችሁ ይችላል። በናኪቫሌ ያላችሁ በሰፈራው ጤና ጣቢያ በኩል ወደ ምባራራ ሆስፒታል ትላካላችሁ። በዩጋንዳ ስደተኞች በመንግሥት ጤና ተቋማት እንደ አገሬው ሰው መታከም ይፈቀድላቸዋል። መታወቂያችሁን ያዙ።

በቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

ቤታችን ጠባብ፣ መንገዳችን ጭቃ፣ በቦዩ ላይ የተጋደመው ጣውላ አንድ ክንድ የማይሞላ ነው። የፓርኪንሰን ሕመምተኛ ደግሞ በር መግቢያ ላይ እግሩ መሬት ላይ የተጣበቀ ያህል ቆሞ ይቀራል። አትጎትቱት። ቁም፣ ተንፍስ፣ «አንድ፣ ሁለት» ብለህ ቁጠር በሉት። ወለሉ ላይ በነጭ ፕላስተር መስመር ብታሰምሩለት መስመሩን ለመሻገር እግሩን ያነሳል። ጣውላውን ለብቻው አይሻገር። ውኃና ምግብ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ በጥቂት በጥቂቱ ይውሰድ። በየቀኑ ይራመድ፣ እጅና እግሩን ያፍታታ፤ እንቅስቃሴ ከመድኃኒቱ አይተናነስም። ሴት ልጁ ብቻዋን የምታስታምም ከሆነ ጎረቤት ተራ ይግባላት፤ እርስዋም ትምህርት አላት።

ልክፍት አይደለም

ይህ አገር ያስጠጉን ባጋንዳም እንደ እኛው የራሳቸው እምነት አላቸው። አማች ለአማች ሊጠብቀው የሚገባውን ክልክል የጣሰ ሰው «ኦቡኮ» በተባለ የመንቀጥቀጥ ሕመም ይያዛል የሚል ነው። እናቱ ፓርኪንሰን የያዛቸው ሃኒንግተን ካቡጎ የተባለ ዩጋንዳዊ ያቋቋመው ማኅበር ስም «ፓርኪንሰንስ ሲ ቡኮ» ነው፤ «ፓርኪንሰን ቡኮ አይደለም» ማለት ነው። በአገራችንም ራሳቸው የሕመሙ ተጠቂ የሆኑት ወይዘሮ ክብራ ከበደ በአዲስ አበባ ለፓርኪንሰን ሕሙማን የሚረዳ ድርጅት መሥርተዋል። ሁለቱም ከቤት ተደብቆ የነበረውን ሕመም ወደ አደባባይ ያወጡ ናቸው።

ፓርኪንሰን በመጨባበጥ፣ አብሮ በመብላት፣ በአንድ ስኒ በመጠጣት አይተላለፍም። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፤ የሚጸልይም ይጸልይ። ክኒኑን ግን በሰዓቱ ይዋጥ።

እማማስ? የማስመለሻው ክኒን ቆመ፤ ሌቮዶፓውንም ጀመሩ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከፍራሻቸው ራሳቸው መነሣት ቻሉ። ዛሬ ቡና ያፈላሉ፤ ጎረቤትም ይጠራሉ። የቡናው ሽታ ግን አልተመለሰላቸውም፤ መድኃኒቱ ይህን አይመልስም። ስለዚህ ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጦ «ደርሷል እማዬ፣ አውርጂው» ይላቸዋል። እኔም በመዝገቤ የጻፍኩትን ሠርዤ አስተካክያለሁ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በእናንተ መንደር ፊቱ የማይፈታ፣ እርምጃው የዘገየ ሰው አለ? ምን ተብሎ ይጠራል?
2. ፓርኪንሰንንና መድኃኒት ያመጣውን መድረቅ ለመለየት ምን ምን ትጠይቃላችሁ?
3. አንድ ሕመምተኛ ክኒኑ ነገ የሚያልቅበት ቢሆን ዛሬ ምን ታደርጋላችሁ?

መልሶቻችሁን በሚቀጥለው የበጎ ፈቃደኞች ስብሰባ ይዛችሁ ኑ።